ለአንዷ 9,000፣ ለአንዱ 600፦ የጎረቤት አገሮችን የንግድ ድጋፍ እንዴት እናወዳድር?

ጥያቄ፦ ጀርመን፣ ኮሎኝ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አለችኝ። በኮሮና ጊዜ፣ በ2020 ጸደይ፣ መንግሥት 9,000 ዩሮ በባንክ አስገባልኝ። ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ ምግብ ቤት ያለው ወንድሜ «እኔ ያገኘሁት 600 ዩሮ ነው» ይላል። ሮተርዳም ያለችው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ደግሞ 4,000 ተሰጥቷታል። ወንድሜ እስከ ዛሬ በስልክ «ለአንቺ መና ወርዶልሻል» እያለ ይቀልድብኛል። በኋላ ከ9,000ው ከግማሽ በላይ እንድመልስ ደብዳቤ ሲመጣብኝ ግን ሳቁ የእሱ ሆነ። ሦስቱም አገሮች የአንድ ኅብረት አባላት ናቸው፤ የሚገበያዩበትም ገንዘብ አንድ ነው። ታዲያ ድጋፉ ለምን ይህን ያህል ተለያየ? ለመሆኑ ነጋዴውን አብልጦ የረዳው የትኛው አገር ነው?

ምላሽ፦ ወንድምዎ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ በዚያ ጸደይ የጀርመኑ ገንዘብ በፍጥነትም በብዛትም ደርሷል። ቀልዱ የሚበላሸው ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲደረድራቸው ነው። 9,000፣ 600 እና 4,000 ለሦስት የተለያዩ ነገሮች የተከፈሉ ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጣሊያኑ እንነሳ። 600 ዩሮው ለምግብ ቤቱ አልተሰጠም፤ ለወንድምዎ ለራሱ፣ ለቤቱ አስቤዛ የተሰጠ ነው። በማርች 2020 የወጣው «ኩራ ኢታሊያ» የተባለ ድንጋጌ በግላቸው ለሚሠሩ ሰዎችና ለነጋዴዎች በማኅበራዊ ዋስትና ተቋሙ በኩል ለወሩ 600 ዩሮ እንዲከፈል አደረገ፤ ለኤፕሪልም ተደገመ። ስለዚህ የመጀመሪያው እርማት እዚሁ ነው፦ 600 ሳይሆን ሁለት ጊዜ 600።

የእርስዎ 9,000 ደግሞ በተቃራኒው የምግብ ቤቱ ነው። «ሶፎርትሂልፈ» የተባለው አፋጣኝ እርዳታ እስከ አምስት ሠራተኛ ላለው ድርጅት እስከ 9,000፣ እስከ አሥር ሠራተኛ ላለው እስከ 15,000 ዩሮ የሚሰጥ ሆኖ፣ የታሰበው ለሦስት ወር የንግድ ወጪ ነበር፦ ለቤት ኪራይ፣ ለመሣሪያ ኪራይ፣ ለመብራት። ባለቤቱ የራሱን ጉሮሮ እንዲሸፍንበት አልተፈቀደም፤ ለዚያ ወደ መደበኛው የማኅበራዊ ድጎማ ሂድ ተባለ። እርስዎ ያሉበት ክፍለ ግዛት ኖርድራይን ቬስትፋለን ግን፣ ሁኔታውን ለሚያሟሉ፣ ለማርችና ለኤፕሪል በድምሩ 2,000 ዩሮ ለኑሮ እንዲይዙ ፈቀደ። ይህን ያልያዙ ከሆነ ሂሳቡን እንደገና እንዲያዩት እመክራለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ያኔ ምግብ ቤትዎ ኮሎኝ ሳይሆን ፍራንክፈርት ቢሆን ኖሮ ጣሪያው 10,000 ይሆን ነበር፤ የሄሰን ክፍለ ግዛት ከራሱ ካዝና ጨምሮበታልና። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ ማለት ነው።

የሮተርዳሟ ዘመድ የወሰደችው የ4,000 ዩሮ ክፍያ ከሁለቱም ይለያል። በኔዘርላንድ ከማርች አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ ቢያንስ 4,000 ዩሮ ገቢ የሚያጣ፣ ቢያንስ 4,000 ዩሮ ቋሚ ወጪም ያለበት ድርጅት አንድ ጊዜ የሚከፈለው የተቆረጠ ገንዘብ ነበር። ሁኔታውን እስካሟላች ድረስ በኋላ ተተምኖ «ይህን ያህል አልጎደለሽምና መልሺ» አትባልም። ስለዚህ የእሷ 4,000 ከእጇ የማይወጣ ነው፤ የእርስዎ 9,000 ግን ሂሳብ የሚወራረድበት ቅድሚያ ክፍያ ነበር። ከግማሽ በላይ ከመለሱ በእጅዎ የቀረው ከ4,500 በታች ነው፤ ከእሷ ብዙም አይርቅም።

ይህ ሁሉ ገና የጸደዩ ነው። ቀጥሎ ባሉት ወራት ሥዕሉ እንደገና ይገለበጣል። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚረሱትም ይህንን ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ጆሮ ላይ ይቀራል፣ የኋለኛው በሂሳብ ሠራተኛው ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ጣሊያን በሜይ 2020 ለንግዱ ራሱ የማይመለስ ገንዘብ መስጠት ጀመረች። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ የኤፕሪል 2019 ሽያጭና የኤፕሪል 2020 ሽያጭ ይነጻጸራል፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ400,000 ዩሮ ላልበለጠ ድርጅት የልዩነቱ 20 በመቶ ይሰጠዋል። በምሳሌ ልያዘው። ወንድምዎ በኤፕሪል 2019 የ18,000 ዩሮ ሽያጭ ነበረው፣ በተዘጋበት ኤፕሪል 2020 ደግሞ በማድረስ ብቻ 3,000 ሸጠ እንበል። የጎደለው 15,000 ነው፤ 20 በመቶው 3,000 ዩሮ ይሆናል። በኦክቶበር መጨረሻ ምግብ ቤቶች እንደገና ሲገደቡ የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ለምግብ ቤቶች የቀደመውን ክፍያ 200 በመቶ ፈቀደ፤ 6,000 ዩሮ ማለት ነው። ሁለቱን 600ዎች ሲጨምሩ 10,200 ይሆናል። በእርግጥ ይህ የእኔ ምሳሌ እንጂ የእሱ መዝገብ አይደለም። «600 አገኘሁ» የሚለው አነጋገር ግን ከየት እስከ የት ሊሳሳት እንደሚችል ያሳያል።

ጀርመንም አልተቀመጠችም። ለኖቬምበር 2020 መዘጋት፣ እንዲዘጉ ለታዘዙት ምግብ ቤቶች የኖቬምበር 2019 ሽያጭን እስከ 75 በመቶ ከፈለች፤ ለዲሴምበርም እንዲሁ። በኖቬምበር 2019 የ16,000 ዩሮ ሽያጭ ለነበራት ምግብ ቤት፣ ለዚያው ጊዜ የተከፈለ ሌላ ድጋፍ ተቀንሶ፣ እስከ 12,000 ዩሮ ማለት ነው። ለአንድ ወር! እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ እንዲህ ያለ ለጋስ ቀመር አላየሁም፤ በስሌቱም ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ቅንድባቸውን አንስተዋል፤ የሚተካው ሽያጭን እንጂ ወጪን አይደለምና። ምግብ ቤቱ ያልገዛውን ጤፍና ያላወጣውን ሥጋ ሁሉ መንግሥት ከፈለው ማለት ነው። ቀልድ የሚገባ ከሆነ ወንድምዎ መቀለድ ያለበት በዚህ ነበር።

ሌላው ከሦስታችሁም ስልክ ወሬ ውስጥ የማይገባው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። በጀርመን «ኩርትስአርባይት»፣ በጣሊያን «ካሳ ኢንተግራሲዮኔ» በሚባለው ሥርዓት ሥራ የጎደለባቸውን አስተናጋጆችና ወጥ ሠሪዎች ደመወዝ በከፊል መንግሥት ይሸፍን ነበር፤ ኔዘርላንድ ደግሞ የደመወዝ ወጪን እስከ 90 በመቶ የሚተካ ገንዘብ ለአሠሪው ሰጠች። ሁለት አስተናጋጅና አንድ ምግብ አብሳይ ላላት ቤት ይህ ከ9,000ው ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን በእርስዎ ስም የመጣ ስላልሆነ «ድጋፍ» ብለው አይቆጥሩትም።

አሁን ወደ ሕጉ። ሦስቱም «የአንድ ኅብረት አባላት ናቸው» ብለዋል። አዎ፣ የድጋፍ ሕጉም አንድ ነው፤ መሠረቱም ከ1957ቱ የሮም ስምምነት ጀምሮ አለ። ዛሬ በኅብረቱ አሠራር ውል አንቀጽ 107 ላይ የሚገኘው ይህ ሕግ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ አንድ አባል አገር ከመንግሥት ገንዘብ ለተመረጡ ድርጅቶች ወይም ምርቶች ጥቅም ሰጥቶ ውድድርን የሚያዛባና በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ የሚነካ ከሆነ፣ በመርሕ ደረጃ ከጋራ ገበያው ጋር አይሄድም። ከዚያ ልዩ ሁኔታዎች ይመጣሉ፤ ለተፈጥሮ አደጋ፣ ለተጎዱ አካባቢዎች፣ የአንድን አገር ኢኮኖሚ ለሚያናጋ ከባድ ቀውስ። አንቀጽ 108 ደግሞ አገሩ ድጋፉን ከመክፈሉ በፊት ብራስልስ ላለው የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል፣ ለአውሮፓ ኮሚሽን፣ እንዲያሳውቅና ፈቃድ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሳይፈቀድ የተከፈለ ሕገ ወጥ ድጋፍ ከነወለዱ ይመለሳል። አየርላንድ ለአፕል ሰጠችው የተባለው የግብር ጥቅም የዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው፤ ኮሚሽኑ በ2016 እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ ይመለስ ብሎ ወስኖ፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ የኅብረቱ የበላይ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2024 የኮሚሽኑን ውሳኔ አጸና።

ልብ ይበሉ፦ ሕጉ «ብዙ አትስጡ» ይላል እንጂ «እኩል ስጡ» አይልም። ጣሪያ ያበጃል፣ ወለል አያበጅም። በማርች 19 ቀን 2020 ኮሚሽኑ ያወጣው ጊዜያዊ ማዕቀፍ ለአንድ ድርጅት እስከ 800,000 ዩሮ በቀጥታ መስጠት ፈቀደ፤ በኋላ ወደ 1.8፣ ከዚያም ወደ 2.3 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። የእናንተ ሦስት ምግብ ቤቶች ያገኙት ተደምሮ እንኳ የዚህን ጣሪያ ጥግ አይነካም። ወንድምዎን 600 ያስቀረበት ብራስልስ አይደለም፤ ሮም ናት። ሮምም ስስታም ሆና አይደለም። በ2019 መጨረሻ የጀርመን መንግሥት ዕዳ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 60 በመቶ ገደማ ነበር፤ የጣሊያን ግን ከ130 በመቶ በላይ። ገበያው ለአንዷ በነጻ ሲያበድር ለሌላዋ ወለድ ይቆጥራል። ዳኛው አንድ ነው፣ ሜዳው አንድ ነው፣ የተጫዋቾቹ ስንቅ ግን ለየቅል ነው።

ይህን ኅብረቱ ራሱ ስላወቀው ነው በዚያው ዓመት «ሹር» የተባለውን እስከ 100 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ የጋራ ብድር ያዘጋጀው፤ አገሮች ለሠራተኛ ደመወዝ ድጎማ እንዲበደሩት። ከ27ቱ 19 አገሮች ወሰዱ፤ ትልቁን ድርሻ፣ ከ27 ቢሊዮን ዩሮ በላይ፣ የወሰደችው ጣሊያን ነበረች። ጀርመንም ኔዘርላንድም አልጠየቁም፤ በራሳቸው ስም ተበድረው ይረክስላቸዋል። ስለዚህ በወንድምዎ ሠራተኞች ደመወዝ ውስጥ፣ በዙሪያ መንገድም ቢሆን፣ የእርስዎ አገር ዋስትናም ነበረበት።

«አብልጦ የረዳው የትኛው አገር ነው» ወደሚለው ጥያቄ ልምጣ። እዚህ ላይ ጋዜጦች ሳይቀሩ ለዓመታት ተሳስተዋል። በሜይ 2020 የወጣው አሃዝ ኮሚሽኑ እስከዚያ ከፈቀደው ወደ 1.9 ትሪሊዮን ዩሮ ድጋፍ ከግማሽ በላዩ የጀርመን መሆኑን አሳየ። ማድሪድና ሮም ጮኹ፤ «ሀብታሙ ኩባንያዎቹን አድኖ የእኛን ሊውጥ ነው» ተባለ። ስጋቱ መሠረት ነበረው፤ ቁጥሩ ግን የተፈቀደ በጀት እንጂ የተከፈለ ገንዘብ አልነበረም። ጀርመን ለትልልቅ ኩባንያዎች ያቋቋመችው ፈንድ 600 ቢሊዮን ዩሮ ሲሆን፣ ከዚያ 400ው ዋስትና ነበር፤ በዋስትናው የተጠቀመው ግን ጥቂት ነው። የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ለዚህ ነው።

ዓመቱ አልቆ የተሰጠው ሲቆጠር ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። በ2020 በተግባር ለድርጅቶች የደረሰው በፈረንሳይ ወደ 155 ቢሊዮን፣ በጣሊያን ወደ 108፣ በጀርመን ወደ 104፣ በስፔን ወደ 91 ቢሊዮን ዩሮ ሆኖ ተገኘ። ከየአገሩ ምርት አንጻር ሲለካ ደግሞ ስፔን ቀዳሚ ሆነች፣ ከ7 በመቶ በላይ። በሜይ የተጻፉት አብዛኞቹ ርዕሰ አንቀጾች ግን እርማት አልወጣላቸውም።

ታዲያ ስፔን አሸነፈች? የማድሪድን የቡና ቤት ባለቤት ቢጠይቁት ይስቅብዎታል። ምክንያቱም የስፔን ዋና መሣሪያ በመንግሥት ዋስትና የሚሰጥ የባንክ ብድር ነበር፤ ለድርጅቶች ቀጥታ የሚከፈል 7 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበው ገና በማርች 2021 ነው። ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፦ ዋስ የሆነ ሰው ገንዘብ አልሰጠም፤ ተበዳሪው ከጠፋ ግን ይከፍላል። ወንድምዎም በኤፕሪል 2020 ጣሊያን ሙሉ በሙሉ ዋስ የሆነችበትን፣ ያኔ ጣሪያው 25,000 ዩሮ የነበረውን ብድር ወስዶ ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዥ ላይ 25,000 ተብሎ ይጻፋል። እጁ ላይ የቀረው ጥቅም ግን ያለ ዋስ ቢበደር በሚከፍለው ወለድና በከፈለው ወለድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያለ ዋስ 6 በመቶ ይጠየቅ ነበር፣ የከፈለው 1 በመቶ ነው ብንል፣ ለመጀመሪያው ዓመት 1,250 ዩሮ ይሆናል። ዋናውን ገንዘብ እስከ ዛሬ እየከፈለ ሊሆን ይችላል። በእኔ ዓይን የማይመለስ 1,000 ዩሮና በዋስትና የተገኘ 1,000 ዩሮ ብድር በአንድ ዓምድ የሚደምር ሠንጠረዥ ሁሉ መጣል አለበት፤ አብዛኛው በየጊዜው የሚወጣው ግን እንዲሁ ይደምራል።

ትልልቆቹ ዘንድ ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። አየር መንገዶችን እንይ፤ በ2020 ሉፍታንዛ 9 ቢሊዮን ዩሮ፣ ኤር ፍራንስ 7 ቢሊዮን፣ ኬኤልኤም 3.4 ቢሊዮን የመንግሥት ድጋፍ ተዘጋጀላቸው። ሦስት ጎረቤታሞች፣ ሦስት ቁጥሮች፤ ሰው ያንኑ የእናንተን ዓይነት ንጽጽር አደረገ። የሆነው ግን ምንድን ነው? ሉፍታንዛ ከተዘጋጀለት ሙሉውን አልወሰደም፤ የወሰደውን በ2021 መለሰ። የጀርመን መንግሥት የያዘውን አክሲዮን በ2022 ሸጦ ሲያበቃ ወደ 760 ሚሊዮን ዩሮ ትርፍ አገኘ። ለድጋፉም ዋጋ ከፍሏል፤ በፍራንክፈርትና በሙኒክ በቀን እስከ 24 የሚደርሱ የመነሻና የማረፊያ ሰዓቶችን ለተወዳዳሪዎች እንዲለቅ ተገደደ። ተወዳዳሪው አየር መንገድ ራያንኤር ግን አልረካም፣ ከሰሰ፤ የኅብረቱ አጠቃላይ ፍርድ ቤትም በሜይ 10 ቀን 2023 የኮሚሽኑን ፈቃድ ሻረ። ገንዘቡ ከተመለሰ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ! «9 ቢሊዮን የተሰጠው ሉፍታንዛ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነትም ነው፣ ምንም አይነግርዎትም።

ይሁንና የጣሊያኖቹን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ማጣጣል አልፈልግም። ከዩክሬን ጦርነት በኋላ የኃይል ዋጋ ሲንር በወጣው አዲስ ማዕቀፍ፣ በ2022 ከተፈቀደው 672 ቢሊዮን ዩሮ ውስጥ የጀርመን 53 በመቶ፣ የፈረንሳይ 24 በመቶ ነበር። ይህም በጀት እንጂ የተከፈለ አይደለም፣ ያው ማሳሰቢያ ይሠራል። ነገር ግን በጀት መኖሩ ራሱ ጥቅም ነው። ባንክ ለጀርመን ፋብሪካ ሲያበድር፣ ከኋላው የቆመው መንግሥት ኪስ ጥልቅ መሆኑን ስለሚያውቅ ይዝናናል። ጥቅም ላይ ያልዋለ ዋስትናም ይሠራል። ይህን በየትኛውም የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ አያገኙትም፤ ከላይ የጻፍኩት የራሴ አሃዝም በዚህ ልክ ይጎድለዋል።

ስለ መመለሻ ደብዳቤው ጥቂት ልበል። በኖርድራይን ቬስትፋለን 9,000ው ለሁሉም በሙሉ ተከፍሎ በኋላ የጎደለው ብቻ እንዲቀር ስለተደረገ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መመለሻ ተጠይቀዋል። የሙንስተሩ የበላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በማርች 17 ቀን 2023 በቀረቡለት ጉዳዮች ላይ የተሰጡትን የመመለሻ ውሳኔዎች ሕገ ወጥ ናቸው ብሏል፤ ክፍለ ግዛቱ ግን እንደገና ተምኖ አዲስ ውሳኔ እንዲሰጥ በሩን አልዘጋም። ስለዚህ የእርስዎ ደብዳቤ መቼ እንደተጻፈና ተቃውሞ አቅርበው እንደነበር ወሳኝ ነው። የክስ ማቅረቢያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ስለሆነ፣ ሰነዱን ይዘው የአስተዳደር ሕግ ጠበቃ ያማክሩ፤ በጽሑፍ የምመልሰው አይደለም።

ለወደፊቱ አንድ ነገር ብቻ ይወቁ። በመደበኛ ጊዜ ከከተማው ወይም ከክፍለ ግዛቱ የሚያገኙት ትንንሽ ድጋፍ ለብራስልስ ሳይነገር የሚያልፈው አንድ ድርጅት በሦስት ዓመት ውስጥ ከ300,000 ዩሮ ካልበለጠ ነው፤ ከ2024 በፊት 200,000 ነበር። ሁለተኛ ምግብ ቤት ቢከፍቱም በእርስዎ ሥር ያሉት ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ፎርሙ ላይ «እስካሁን ምን ያህል አግኝተሻል» ሲባል የድሮውን የኪራይ ድጎማም የማሽን መግዣውንም ይጻፉ።

ከወንድምዎ ጋር ያለውን ክርክር ለመጨረስ አንድ ቅዳሜ ይበቃችኋል። ሦስታችሁም የ2020ን እና የ2021ን የባንክ መግለጫ አውጡ። ከመንግሥት የገባውን ሁሉ ጻፉ፤ ለሰውየው የተከፈለውን ከቤቱ ለዩ፤ የመለሳችሁትን ቀንሱ፤ የብድሩን ዋና ገንዘብ ተዉና የወለዱን ልዩነት ብቻ ያዙ። የቀረውን በ2019 ሽያጫችሁ አካፍሉት። የእኔ ግምት፣ በኖቬምበሩና በዲሴምበሩ ክፍያ ምክንያት እርስዎ ይበልጣሉ፤ ግን ወንድምዎ እንደሚለው በ15 እጥፍ አይሆንም።